ልቡናው ብሩህ ኹኖ ንባብ ስለሚከብደው ተማሪ

ዕውቀት ወደ ሰው ልቡና የሚገባበት ደጅ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ በዐይኑ አይቶ፣ ሌላው በጆሮው ሰምቶ፣ ሌላውም በእጁ ዳስሶ ይማራል። ነገር ግን ዕውቀቱ የሚመዘንበት ሚዛን አንድ ብቻ ኹኗል፤ እርሱም ፊደል ነው። ፊደል የቀናለት ልጅ ዐዋቂ ይባላል፤ ፊደል የከበደበት ሰነፍ ይባላል። ስለዚህ ዛሬ በክቡራን አንባብያን ፊት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ልቡናው ብሩህ ኹኖ ሳለ ንባብ የሚከብደውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መቅጣት ግፍ ነው ወይስ አይደለም? ግፍስ ከኾነ፣ ሳያውቅ የቀጣው መምህር በደለኛ ነውን? ጥያቄውን ያነሣኹት ለክርክር ያህል አይደለም፤ የቀጣኹት እኔ ራሴ ስለ ኾንኹ ነው።

ባለፈው ዓመት ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርጄ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሄጄ ነበር። ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ኹሉ የሚያርፍባት ደጅ ነበረች። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 በዚያ ተቀምጦ ያየውን ጽፎ በ1844 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ከዚያ ዘመን ነጋዴ ብዙው ፊደል ሳይቈጥር ሒሳቡን በልቡ ይዞ በረሓውን ያቋርጥ እንደ ነበረ ሽማግሎች ይናገራሉ።

እኔም በገበያው መካከል ስሄድ አንድ የእህል ነጋዴ አየኹ። ከሦስት ሰው ጋራ በአንድ ጊዜ ይነጋገራል፤ የማሽላውን ዋጋ ለአንዱ፣ የጤፉን ለሌላው፣ ከመስቀል ዠምሮ የቈየውን ዱቤ ለሦስተኛው እየቈጠረ ይነግራል። በእጁ ወረቀትም እርሳስም የለም። ቈሜ ስመለከተው ቀና አለና «የኔታ፣ እንደምን ዋሉ? አላወቁኝምን?» አለኝ። ስሙን በነገረኝ ጊዜ ጕልበቴ ከዳኝ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ያላየኹት፣ ከንባብ ቤት በዱላ ያባረርኹት ልጅ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ገና ቅኔ ሳልጨርስ፣ በአንድ ደብር ባለ የንባብ ቤት መምህሩን እያገዝኹ ሕፃናቱን አስቀጽል ነበር። እንደ ሀገራችን ሥርዓት ልጆቹ ቀን ቀን ፊደል ይቈጥራሉ፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን ያነባሉ። ሌሊት ሌሊት ግን መብራት ስለሌለ በጨለማ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያምንና ሌላውንም የቃል ትምህርት መምህሩ ሲናገር እየተቀበሉ ያጠናሉ። ያ ልጅ የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረ። ሌሊት በቃል ትምህርት ከጓደኞቹ ኹሉ ይቀድማል፤ አንድ ጊዜ የሰማውን ኹለተኛ አያስደግምም፤ ዜማውን አያፈርስም፤ እንቅልፍ የጣላቸውን ትልልቆቹን ሳይቀር የረሱትን ያስታውሳቸዋል። በነጋ ጊዜ ግን መጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይኾናል። ስንደዶው በፊደሉ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ‹ሰ›ን ‹ለ› ይላል፤ በአንዱ መሥመር ያነበበውን ቃል በሚቀጥለው መሥመር ያጣዋል፤ የቃሉን መጀመሪያ አይቶ መጨረሻውን በግምት ይሞላል።

እኔም እንዲህ ብዬ ፈረድኹ፤ ሌሊት ይህን ያህል የሚይዝ አእምሮ ካለው፣ ቀን የማያነበው እንቢተኛ ስለ ኾነ ነው አልኹ። ብርታቱን የስንፍናው ምስክር አደረግኹበት። ልቡናው ደካማ ቢኾን ኖሮ እራራለት ነበር፤ ብልህ በመኾኑ ግን አርጩሜው በረታበት። እናቱ ዐይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ወሰደችው፤ ጓደኞቹም ዐብሾ ይጠጣ ብለው መከሩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጧት አኩፋዳው በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ልጁ ግን የለም።

አኹን በገበያው ላይ ከተሳሳምን በኋላ ከመደቡ ዳር አስቀመጠኝና ስለ ልጁ አጫወተኝ። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል። የወፍጮውን ሞተር ድምፅ ሰምቶ ምን እንደ ጐደለው ይናገራል፤ አስተማሪው በቃል ያስረዳውን ኹሉ ቤቱ መጥቶ ለታናናሾቹ መልሶ ያስተምራል። መጽሐፍ ሲሰጡት ግን አባቱ እንደ ነበረው ነው። «ከትምህርት ቤት አውጥቼ ከሚዛኑ ጋራ ላቆመው ነው፤ እኔ የቀመስኹትን እርሱ እንዲቀምስ አልፈልግም» አለኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «የኔታ፣ ያን ጊዜ ሲመቱኝ ምን እንደ ያዘኝ ያውቁ ነበርን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አላውቅም ነበር» አልኹት። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአሊዩ አምባ እስከ አንኮበር ዳገቱን ስወጣ ይህ እውነት ሸክሜን አላቀለለልኝም።

ወደ ቤቴ ከተመለስኹ በኋላ ስለዚህ ነገር የተማሩ ሰዎችን ጠየቅኹ፤ የተጻፈውንም ተመለከትኹ። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1877 የጀርመን ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል ዐይኑ እያየ የተጻፈውን ቃል ማንበብ ስለሚያቅተው ሰው ጽፎ ድካሙን «የቃል ዕውርነት» አለው። ከዚያ በኋላ ሌላው የጀርመን የዐይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም አወጣ። እነዚህ ስለ አዋቂ ሰዎች የተናገሩ ናቸው። በ1896 ግን ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከልደቱ ዠምሮ ይህ ድካም ስላለበት የ14 ዓመት ልጅ በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ጻፈ። ልጁ ብልህ ነው፤ ሒሳብ ያውቃል፤ ዐይኑም ጤነኛ ነው፤ ንባብ ብቻ አልኾነለትም። ለብዙ ዓመት ያስተማረው መምህርም ትምህርቱ ኹሉ በቃል ቢኾን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበልጠው እርሱ እንደ ነበረ መስክሮለታል። ይህን ባነበብኹ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ቈየኹ። የእንግሊዙ መምህር የተመኘው የቃል ትምህርት ቤት በእኛ ዘንድ ነበረ፤ እኔም በዚያ ቤት ሌሊት ሌሊት ያን ልጅ እሰማው ነበር።

ዛሬ ሊቃውንቱ እንደ ደረሱበት፣ ይህ ድካም የዐይን ሕመም አይደለም፤ የስንፍናም አይደለም፤ የአእምሮ ማነስም አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናትም ወደ ልጅ በዘር ይወርዳል። ዋናው ምክንያት በብዙዎቹ ልጆች ዘንድ ቃሉን ወደ ጥቃቅን ድምፆች ከፍሎ እያንዳንዱን ድምፅ ከፊደሉ ጋራ ማገናኘት አለመቻል ነው። ከመቶ ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚኾኑት በአነሰም በበዛም መጠን እንዳለባቸው ይገመታል። የማያነብ ልጅ ኹሉ ግን ይህ ድካም አለበት ማለት አይደለም። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2010 በሀገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋ በተደረገው የንባብ ምርመራ ከኹለተኛ ክፍል ልጆች ሢሶው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ይህን ያህል ብዛት የሚያመጣው የመጽሐፍ ማነስ፣ የክፍሉ መጣበብና የማስተማሩ ጉድለት ነው። ስለዚህ መምህር አስቀድሞ መለየት ይገባዋል። የልጁ ዐይንና ጆሮ ይመርመር፤ የተማረበት መንገድም ይታይ። ከዚህ በኋላ ሰምቶ በሚያውቀውና አንብቦ በሚያውቀው መካከል ሰፊ ገደል ከተገኘ፣ ያ ገደል ራሱ ምልክት ነው።

የእኛ ፊደል ለእንደዚህ ያለው ልጅ በአንድ በኩል ይቀልለታል፤ በሌላ በኩል ይከብደዋል። የሚቀልለው እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ስለማይለውጥ ነው። የሚከብደው ደግሞ 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 መልክ ስለሚኾኑ፣ ‹በ›ና ‹ሰ›፣ ‹ተ›ና ‹ቸ› በመልክ ስለሚቀራረቡ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ደግሞ መልካቸው እየተለያየ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ኾነ ነው። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም፤ ‹አለ› ተናገረ ሊኾን ይችላል፤ ‹አለ› ይገኛል ሊኾን ይችላል። ይህን አንባቢው ከነገሩ ፈሊጥ ያውቀዋል እንጂ ፊደሉ አይነግረውም።

ከዚህም ሌላ፣ ብሩህ ልጅ ሀሁን እንደ ዘፈን በቃሉ ይዞ ወደ ሰማይ እያየ ሊወርደው ይችላል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ፊደሉን ሽቅብና ቍልቍል የሚያስቈጥሩት፣ ከሀሁም በኋላ ተራውን የሚያፋልሰውን አቡጊዳን ያመጡት ልጁ በቃሉ የያዘውን በዐይኑ ማወቁን ለመፈተን ነው። ነገር ግን ፈተናው የሚያሳየን ልጁ የቸገረው መኾኑን ብቻ ነው። ለምን ቸገረው ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው። እኔ ፈተናውን ተቀበልኹ፤ ጥያቄውን ግን አልጠየቅኹም።

አኹን ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን እናስብ። አጎቱ መምህር ጌዴዎን ባስተማረው ጊዜ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተመትቶም ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ እየሞከረች ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ከእርስዋም ትዕግሥትን ተምሮ ተመለሰ። ቅዱስ ያሬድ ይህ ዛሬ የምንናገርለት ድካም ነበረበት አልልም፤ እንዲህ ማለት ድፍረት ነው። ነገር ግን ይህን ታሪክ ዘወትር የምንነግረው ለልጁ ነው፤ እንደ ትሏ ታገሥ እንለዋለን። ለመምህሩ ስንነግረው አልሰማኹም። ታሪኩ እኮ ለመምህሩም ይናገራል። ያ የተመታው ልጅ በኋላ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ዜማዎች ለኢትዮጵያ ያበረከተ ነው። አለንጋው ያላመጣውን ትሏ አመጣችው። ልጁ ሸሽቶ ባይመለስ ኖሮስ? የሸሹትን ኹሉ ማን ቈጠራቸው? ተመልሶ የመጣውን እናከብራለን፤ ሳይመለስ የቀረውን ግን ስሙንም አናውቅም። ከእነርሱ አንዱ ዛሬ በአሊዩ አምባ እህል ይሸጣል።

እህል መሸጥ የተከበረ ሥራ ነው፤ ይህን የምለው ንግድን ለመናቅ አይደለም። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን የሚቈጥረው በልቡናው ነው። ከሰው ገለል ብሎ ጉባኤ ቃናውን ያሰናዳል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገረዋል፤ መምህሩም በቃሉ ያርመዋል። ዐይነ ስውራን ሊቃውንት በቅኔውም በዜማውም መምህራን የኾኑት ስለዚህ ነው። ያ ልጅ ከቅኔ ቤት ቢደርስ ኖሮ ጆሮውና ልቡናው ከብዙዎቻችን ባስበለጡት ነበር። ነገር ግን ወደ ቅኔ ቤት የሚያደርሰው መንገድ በንባብ ቤት በኩል ያልፋል። የሚበረታበት ቤት ከሚደክምበት ደጅ በስተኋላ ነበረ፤ ደጁንም የዘጋኹበት እኔ ነኝ። ሰሙ ስለ ጐበጠ ወርቁን ጣልኹት።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ይከራከር ይኾናል። ለአንዱ ጥያቄውን አንብቦለት፣ ጊዜ ጨምሮለት፣ ለሌላው እንዲህ አለማድረግ ማዳላት አይደለምን? ይላል። መልሴ ይህ ነው። ሙሴ አፈ ኰልታፋ በነበረ ጊዜ እግዚአብሔር ምላሱን አልፈታለትም፤ በድካሙም ምክንያት መልእክቱን አልነሣውም፤ ነገር ግን አሮንን አፍ አድርጎ ሰጠው። ይህን ማዳላት ነው ያለ የለም። በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስም በሕፃንነቱ ዐይኑ ጠፍቶ ሳለ፣ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይተረካል፤ በኋላም የዚያ ታላቅ ትምህርት ቤት መምህር ኾኗል። ዐይነ ስውር ተማሪ ፈተናውን ሰው ሲያነብለት አንቈጣም፤ ጕድለቱን ስለምናየው ነው። የዚህ ልጅ ጕድለት ግን ስለማይታይ እንቈጣዋለን። ፍርድ በሚታየውና በማይታየው መካከል ልዩነት ካደረገ፣ ያዳላው ያን ጊዜ ነው። የታሪክ ፈተና የሚፈትነው ታሪክ ማወቁን ነው፤ ፊደል በመልቀሙ ፍጥነት የሚመዝነው ከኾነ ሚዛኑ ሌላ ዕቃ እየመዘነ ነው።

ሌላው ደግሞ ብልህ ለኾነው ብቻ ለምን ታዝናለህ? ብልሃት የሌለው ልጅስ ሰው አይደለምን? ይለኛል። ይህ ከፊተኛው ይልቅ ጽኑ ጥያቄ ነው። ለልጅ የሚገባው ርዳታ የብልሃቱ ዋጋ አይደለም፤ ልጅ በመኾኑ ይገባዋል። ስለ ብሩሁ ልጅ ለይቼ የተናገርኹት እርሱ ከኹሉ ይልቅ ስለሚሰወር ነው። ብልሃቱ ድካሙን ይሸፍነዋል፤ ድካሙም ብልሃቱን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ከመካከል ተቀምጦ እንደ ማንኛውም ልጅ ይመስላል፤ ከኹለቱም ወገን የሚረዳው አያገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጉዳት ያለባቸውም ልዩ ተሰጥዖ ያላቸውም ልጆች እንደየችሎታቸው እንዲማሩ የሚል ዓላማ ነበረው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገውን የዓለም መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ኹለቱ ነገሮች በአንድ ልጅ ሲገናኙ፣ ልጁን የሚያየው ሕጉ ሳይኾን በፊቱ የቆመው መምህር ነው።

ሦስተኛውም ወገን እንግዲህ ንባብ ይቅርለት ልትል ነውን? ይላል። አይደለም። ንባብ የማያውቅ ሰው በዛሬው ዓለም ብዙ መንገድ ይዘጋበታል፤ ስለዚህ ከንባብ ነጻ ማውጣት ሌላ ግፍ ነው። የሚገባው በሚችለው መንገድ ማስተማር ነው። በአሜሪካ ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተን ከ1925 ዠምሮ ይህን ድካም ሲመረምር ቈየ፤ በ1936ም አና ጊሊንግሃምና ቤሲ ስቲልማን የማስተማሪያውን መንገድ በመጽሐፍ አወጡ። መንገዱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጁ ፊደሉን እያየ፣ ድምፁን እየሰማና እየተናገረ፣ በጣቱም በአሸዋ ላይ እየጻፈ፣ ኹሉን ባንድነት ይማር። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተራ በተራ ይሂድ፤ የፊተኛው ሳይጸና ወደ ኋለኛው አይለፍ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይኹን፤ ሳያዘጋጅ በጓደኞቹ ፊት አንብብ ተብሎ አይዋረድ። ይህ እስኪኾንለትም ድረስ ዕውቀቱ አይራብ፤ መጽሐፉ ይነበብለት፤ ዛሬ በእጅ ስልክ በድምፅ የሚሰማ መጽሐፍ አለና ይስማ፤ የሚያውቀውንም በአፉ ይጠየቅ።

አኹን ወደ ፊተኛው ጥያቄ ልመለስ። ሳያውቅ የቀጣ መምህር በደለኛ ነውን? አለማወቅ ኹለት ዐይነት ነው። አንዱ ሊያውቀው የማይችለውን አለማወቅ ነው፤ በዚህ ማንም አይከሰስም። እኔ በዚያ ዘመን ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም አለመስማቴ ከዚህ ይቈጠራል። ኹለተኛው ግን ማስረጃው በፊቱ ሳለ ሳይጠይቅ ማለፍ ነው። እኔ ያን ልጅ በየሌሊቱ ሰምቼዋለኹ። የሰማኹትንና ያየኹትን ጐን ለጐን አስቀምጬ «ይህ እንዴት ይኾናል?» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ፣ ስሙን ባላውቀው እንኳ እጄን እሰበስብ ነበር። ያልጠየቅኹት መልስ ስለሌለኝ አይደለም፤ ሰነፍ ነው የሚለው መልስ ስለሚቀልለኝ ነው። እንግዲህ በልጁ ላይ የፈረድኹት ስንፍና የእኔ ኖሯል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ ወደ አሊዩ አምባ ወረድኹ። ነጋዴውን ከመደቡ ዳር ይቅርታ ለመንኹት። እርሱም «የኔታ፣ የእኔስ አልፏል፤ የልጁን ንገሩኝ» አለኝ። ከልጁ አስተማሪ ጋራ ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። አስተማሪውም ጥያቄውን በቃል ሊጠይቀው፣ በክፍሉም ፊት ድንገት እንዳያስነብበው ቃል ገባ። ማታ ማታ ታላቅ እኅቱ ግማሽ ገጽ ታስነብበዋለች። እስካኹን ‹ሰ›ን ‹ለ› ማለቱን አልተወም፤ ፈተናውን ያልፍ እንደ ኾነም ገና አልታወቀም። ነገር ግን ከሚዛኑ ጋራ አልቆመም፤ በወንበሩ ላይ ነው።

የንባብ ቤት ያላችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት የምትልኩ የከተማ ሰዎችም ኾይ፤ ከእኔ የምትማሩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ልጁ ቀን ያላነበበላችሁ እንደ ኾነ፣ አርጩሜውን ከማንሣታችሁ በፊት ሌሊት የሚናገረውን ስሙት።